ከሬዲዮ ስቱዲዮ እስከ ታይፔ፦ የአወያይነት ሙያ ጉዞ

በኖቬምበር 1941 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ሮበርት ሜርተን ከባለቤታቸው ጋር ወደ ባልደረባቸው ፖል ላዛርስፌልድ ቤት ለእራት ተጠሩ። ሁለቱም በዚያው ዓመት ኒውዮርክ በሚገኘው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመሩ መምህራን ነበሩ። ሜርተን የንድፈ ሐሳብ ሰው ናቸው፤ ከቪየና የመጡት ላዛርስፌልድ ደግሞ ቆጥሮና ለክቶ ማወቅን ይወዳሉ። ይሁንና እራቱ እንደታሰበው አልሆነም። ዋሽንግተን ያለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕዝቡን ሞራል ለማነሣሣት የተዘጋጁ የሬዲዮ ፕሮግራሞች በአድማጭ ጆሮ እንዴት እንደሚሰሙ እንዲመረመርለት በድንገት ጠይቆ ነበርና ላዛርስፌልድ እንግዳቸውን ይዘው ወደ ስቱዲዮ ገሰገሱ። ሚስቶቻቸው እቤት ቀሩ።

ስቱዲዮው ውስጥ ጥቂት ሰዎች ተቀምጠው ሬዲዮ ያዳምጣሉ። እያንዳንዳቸው ቀይና አረንጓዴ ቁልፍ ይዘዋል። የሰማውን የጠላ ቀዩን፣ የወደደ አረንጓዴውን ይጫናል፤ ምንም ያልተሰማው ዝም ይላል። ላዛርስፌልድ ሲቢኤስ ከተባለው የሬዲዮ ድርጅት ከፍራንክ ስታንተን ጋር ሆነው የሠሩት መሣሪያ የእያንዳንዱን ሰው ስሜት ከደቂቃ ደቂቃ በወረቀት ላይ ይመዘግባል። ፕሮግራሙ ሲያልቅ አንድ ጠያቂ ይነሣና ለምን ወደዳችሁ፣ ለምን ጠላችሁ እያለ ቡድኑን ያነጋግራል።

ሜርተን ይህን ቁጭ ብለው ሲያዩ አላስችል አላቸው። ጠያቂው ሰዎቹ ቁልፉን የተጫኑባትን ያችን ቅጽበት ይዞ አይጠይቅም፤ ሲጠይቅም መልሱን በሰዎቹ አፍ ያስቀምጣል። ይህንኑ በቁራጭ ወረቀት እየጻፉ ለላዛርስፌልድ ያቀብሉ ጀመር። ላዛርስፌልድ ብልህ ነበሩና ነቀፌታውን በክፉ አላዩትም፤ ቀጣዩን ቡድን ራስዎ ይጠይቁ አሏቸው። ሜርተንም ጠየቁ። ያ ምሽት ሁለቱን ሰዎች ለረጅም ዘመን የሥራ ጓደኛ አደረጋቸው። ሜርተን ከፓትሪሺያ ኬንዳል ጋር በ1946 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ኋላም ማርጆሪ ፊስክ በተጨመሩበት የ1956 መጽሐፍ አሠራሩን ሥርዓት አስያዙት። ዛሬ ፎከስ ግሩፕ እያልን የምንጠራው ዘዴ አንዱ ሥሩ እዚህ ነው።

እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚያች ቁራጭ ወረቀት ነው። መሣሪያው ስሜቱ የት ላይ እንደተለወጠ ልቅም አድርጎ አሳይቷል፤ ለምን እንደተለወጠ ግን ሊናገር አይችልም። ለምኑ የሚገኘው ከሰው ጋር በመነጋገር ነው፤ አነጋጋሪው ከተሳሳተ ደግሞ የሚሰበሰበው የራሱን የገደል ማሚቶ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰዎች በሽቦም በስክሪንም ተሰብስበው ሲወያዩ፣ ሌሎች ደግሞ ውይይቱን ሲተነትኑ፣ ችግሩ በየጊዜው መልኩን እየቀየረ ተመልሶ መጥቷል።

በ1950ዎቹ ካሊፎርኒያ ሳንታ ሞኒካ ውስጥ በሚገኘው የራንድ ኮርፖሬሽን የነበሩ ተመራማሪዎች ሌላ ነገር አስጨነቃቸው። ባለሙያዎችን በአንድ ክፍል ሰብስቦ ማወያየት ጥሩ ነው፤ ግን ባለማዕረጉ አንዴ ከተናገረ ሌላው ሐሳቡን ይውጣል። ስለዚህ ኖርማን ዳልኪና ኦላፍ ሄልመር ፊት ለፊት መገናኘቱን ራሱን አስቀሩት። እያንዳንዱ ባለሙያ ብቻውን ሆኖ ጥያቄ ይሞላል፤ አስተባባሪው መልሶቹን ሰብስቦ፣ የመላሾቹን ስም ደብቆ፣ የሁሉንም ግምትና ምክንያት ለሁሉም ይልካል፤ ባለሙያዎቹም ይህን አይተው እንደገና ይመልሳሉ። በ1963 የታተመው ሥራቸው ዴልፋይ በሚል ስም ዓለምን ዞረ። ታዲያ እዚህ ላይ ሥልጣን ከባለማዕረጉ ወደ አስተባባሪው መሸጋገሩን ልብ ይሏል። ከዙር ወደ ዙር የሚያልፈውን ማጠቃለያ የሚጽፈው እሱ ነው፤ አንዲት ምክንያት ከዘለለ ያች ምክንያት ሞተች ማለት ነው።

ይህን ዘዴ ከፖስታ አውጥቶ ኮምፒዩተር ላይ የጫነው ጥድፊያ ነበር። ፕሬዚዳንት ኒክሰን እሑድ ኦገስት 15 ቀን 1971 በቴሌቪዥን ብቅ ብለው ዋጋና ደመወዝ ለ90 ቀናት ባለበት እንዲቆም አዘዙ። ትእዛዙን የማስፈጸሙ ሸክም የወደቀው በአስቸኳይ ጊዜ ዝግጁነት ቢሮ ላይ ነው። በየክልሉ ያሉት ቅርንጫፎቹ ከነጋዴና ከሠራተኛ የሚጎርፈውን ጥያቄ እየተቀበሉ አንድ ዓይነት መልስ መስጠት ነበረባቸው። በቢሮው ውስጥ ሙሬይ ቱሮፍ የሚባሉ የፊዚክስ ምሩቅ ነበሩ፤ አስቀድመው በ1970 የዴልፋይ ውይይትን በኮምፒዩተር ሞክረውታል። አሁን ኤሚሳሪ የተባለውን ሥርዓት ዘረጉ። የቅርንጫፍ ሠራተኞች በስልክ መስመር በተገናኘ የጽሕፈት ተርሚናል ይጽፋሉ፣ ያነባሉ፤ ሁሉም በአንድ ሰዓት ገብቶ የሚነጋገርበት ክፍልም ነበረው። ከሁሉ የምወድለት ግን አንድ ነገር አለ፤ በሰንጠረዡ ላይ የሚታይ ቁጥር ሁሉ ባለቤት ነበረው። ቁጥሩ ያልገባው ሰው ለዚያው ለባለቤቱ መልእክት ጽፎ መጠየቅ ይችላል። ብዙ የዛሬ የመረጃ ሰሌዳዎች ይህን አያደርጉም።

ቱሮፍ ከመንግሥት ሥራ ወጥተው ወደ ኒው ጀርሲ የቴክኖሎጂ ተቋም ተሻገሩ። በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ድጋፍ በ1976 ሥራ የጀመረው አይዝ የተባለው የኮምፒዩተር ጉባኤ ሥርዓት የተወለደው እዚያ ነው። ከሶሲዮሎጂ ምሁሯ ከስታር ሮክሳን ሂልትዝ ጋር ሆነው በ1978 ዘ ኔትወርክ ኔሽን የተሰኘውን መጽሐፍ አሳተሙ። ኢንተርኔት የሚባል ነገር በማንም ቤት ባልነበረበት ጊዜ፣ ሰዎች በየቤታቸው ሆነው በጽሑፍ ተሰብስበው እንደሚሠሩ፣ እንደሚማሩ፣ እንደሚከራከሩ ዘርዝረው ጻፉ።

ሂልትዝ ግን በትንቢት ብቻ አልረኩም። ከቱሮፍና ከኬኔት ጆንሰን ጋር በ1986 ያሳተሙት ሙከራ ሊታወቅ ይገባዋል። አምስት አምስት ሰዎች ያሉባቸውን ቡድኖች ወስደው ከፊሎቹን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ከፊሎቹን በኮምፒዩተር ብቻ አንድ ዓይነት ችግር እንዲፈቱ አደረጓቸው። ከዚያ እያንዳንዱ ንግግር ሮበርት ቤልስ ባዘጋጁት የ12 ምድብ መለያ ተለየ። ይህ ሐሳብ መስጠት ነው፣ ይህ መስማማት ነው፣ ይህ መቃወም፣ ይህ ውጥረትን ማርገብ፣ ይህ ማብራሪያ መጠየቅ እየተባለ ማለት ነው። አድካሚ ሥራ ነው። የአንድ ሰዓት ወሬ ለቀናት ያስቀምጣል።

የተገኘው ውጤት የኮምፒዩተር ውይይትን የሚያደንቁትንም የሚጠራጠሩትንም ግምት አፈረሰ። በኮምፒዩተር የተወያዩት ቡድኖች የውሳኔያቸው ጥራት ከሌሎቹ አላነሰም። የመናገር ዕድሉም ይበልጥ ለሁሉም ተዳርሷል፤ አንድ ሰው መድረኩን ጠቅልሎ የመያዙ ነገር ቀንሷል። ያቃታቸው መስማማት ነው። ሁሉም ይናገራል፣ ጥሩ ጥሩ ሐሳብ ይወጣል፣ የሚቋጨው ግን ይጠፋል። በቴሌግራም ቡድን የዘመድ ጉዳይ ለመጨረስ የሞከረ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ምክንያቱም ቀላል ነው። ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ዝም ሲል ፊቱ ይታያል፤ አኩርፎ ይሁን፣ ተስማምቶ ይሁን፣ እያሰበ ይሁን ከግንባሩ ይነበባል። በጽሑፍ ውይይት ግን ዝም ያለና ጥሎ የሄደ ሰው ልዩነት የላቸውም። ስለዚህ በኮምፒዩተር የሚያወያይ ሰው በክፍል ከሚያወያየው የበለጠ መድከም አለበት። የገባውን በስሙ ይቀበላል፣ ለጠፋው በግል ይጽፋል፣ የተባለውን በየጊዜው ይሰበስባል፣ እስካሁን የተስማማነው ይህ ነው፣ የቀረን ይህ ነው እያለ ያስራል። አይዝ ላይ የሠሩ ሰዎች ይህን ደጋግመው አዩት፤ መሪ ያጣ ጉባኤ በየሳምንቱ እየቀዘቀዘ ይሞት ነበር።

በ1985 ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ የተከፈተው፣ ዌል የተባለው የኮምፒዩተር መወያያ መድረክ ለእያንዳንዱ የውይይት ክፍል አስተናጋጅ በመመደብ ታወቀ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የገበያ ጥናት ድርጅቶች የሜርተንን ፎከስ ግሩፕ ወደ ኢንተርኔት አሸጋገሩት። ለድርጅቶቹ ጥቅሙ ግልጽ ነበር፤ የጉዞና የአዳራሽ ወጪ ቀረ፣ የውይይቱ ግልባጭም ያለ ጸሐፊ ወዲያው እጃቸው ገባ። ግልባጩ በቀላሉ በመገኘቱ ግን ብዙዎች ትንተናውም ቀላል መሰላቸው።

ቀላል አለመሆኑ ኒውዮርክ ላይ በ2002 በግልጽ ታየ። የዓለም ንግድ ማዕከል ሕንጻዎች ከወደሙ አንድ ዓመት አልሞላም። ቦታው ላይ ምን ይሠራ በሚለው ላይ ባለሥልጣናቱ ስድስት ዕቅዶች አቀረቡ። ጁላይ 20 ቀን ጃቪትስ በተባለው ግዙፍ አዳራሽ ከ4,000 በላይ ሰዎች ተሰበሰቡ። ስብሰባውን የመራው በካሮሊን ሉከንስማየር የተመሠረተው አሜሪካስፒክስ የተባለ ድርጅት ነው። ሰዎቹ በትናንሽ ጠረጴዛዎች ተከፋፍለው፣ ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ አወያይና አንድ ላፕቶፕ ተሰጥቶ ተወያዩ። በላፕቶፑ የተጻፈው ሁሉ በአንድ ጥግ ወደተቀመጠ አንባቢ ቡድን ይሄዳል፤ አንባቢዎቹ የሚደጋገመውን ሐሳብ ለቅመው በትልቁ ስክሪን ላይ ያወጣሉ፤ ተሰብሳቢው በእጁ ባለች መሣሪያ ድምፅ ይሰጥበታል። ፍርዱ ከባድ ነበር። ስድስቱም ዕቅዶች ያንኑ የቢሮ ስፋት ለማስገባት የታሰቡ፣ ለደረሰው ሐዘን የማይመጥኑ ተባሉ።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ይኸው ውይይት በኢንተርኔት ተከፈተ። ከ800 በላይ ሰዎች በ26 ቡድኖች ተደልድለው ለሁለት ሳምንት ተጻጻፉ። ከቡድኖቹ ገሚሶቹ ንቁ አወያይ ነበራቸው፤ ሌሎቹ በአብዛኛው ለራሳቸው ተተዉ። ለተመራማሪ ይህ ሀብት ነው፤ ጉዳዩ አንድ፣ ጊዜው አንድ፣ ከተማው አንድ፣ ልዩነቱ አወያዩ። ኋላ ሁለቱን ያነጻጸሩ ጥናቶች ወጥተዋል።

እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን ፍራንቼስካ ፖሌታና ጆን ሊ በ2006 ያሳተሙት ትንተና ነው። መልእክቶቹን አንድ በአንድ አንብበው፣ ሰው አቋሙን ሲያስረዳ መቼ ምክንያት እንደሚደረድር፣ መቼ ደግሞ የራሱን ታሪክ እንደሚያወጋ ለዩ። ወደ ታሪክ የሚያዘነብሉት በቡድኑ ውስጥ ሐሳባቸው ተቀባይ ያጣ የመሰላቸው ሰዎች ሆነው ተገኙ። እኔ በዚያ ሰፈር ኖሬአለሁ፣ እኔ በዚያ መንገድ ወደ ሥራ እሄድ ነበር ብሎ የጀመረ ሰው ሌሎቹን ሳያስቀይም የተለየ ሐሳብ ያስገባል፤ ሌሎቹም መልስ ይሰጡታል። ነገር ግን ውይይቱ ቴክኒክ ወደሚመስል ጉዳይ፣ ስለ ትራንስፖርት ወይም ስለ በጀት ሲዞር፣ ሰዎች ታሪክ ማውራቱ አግባብ አይደለም ብለው ስለሚያስቡ ይተዉታል። አስቡት እንግዲህ። ለብቸኛው ድምፅ መግቢያ የሚሆነው በር በትክክል ውሳኔ በሚወሰንበት ሰዓት ይዘጋል። ይህን ቃላት በመቁጠር ማግኘት አይቻልም፤ ስንት ሰው መናፈሻ አለ፣ ስንት ሰው ቢሮ አለ የሚለው ድምር በአጠገቡ እንኳ አያልፍም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ማን፣ ከማን ቀጥሎ፣ በምን አኳኋን ተናገረ እያለ ማንበብ አለበት።

ስድስቱ ዕቅዶች ተጣሉ። አዲስ የንድፍ ጥሪ ወጣ፤ በፌብሩዋሪ 2003 የዳንኤል ሊብስኪንድ ንድፍ ተመረጠ። በኋላ የተሠራው ከተመረጠው ምን ያህል እንደራቀ ሌላ ረጅም ታሪክ ነው።

ከዚያ ታሪኩ ወደ ታይዋን ይሻገራል። ማርች 18 ቀን 2014 ተማሪዎች ከቻይና ጋር የተደረገውን የንግድ ስምምነት ተቃውመው ታይፔ የሚገኘውን ፓርላማ ያዙ፤ ከሦስት ሳምንት በላይም አልለቀቁም። ጎቭ ዜሮ የተባሉ የኮምፒዩተር ባለሙያ በጎ ፈቃደኞች ከውስጥ የሚሆነውን ለውጭው ሕዝብ በቀጥታ ያሳዩ ነበር። ግርግሩ ካለፈ በኋላ፣ በዲሴምበር ወር፣ ሚኒስትሯ ጃክሊን ጻይ ራሳቸው በጎ ፈቃደኞቹ ወደሚሠሩበት ስብሰባ መጥተው በሕግ ጉዳዮች ላይ ሕዝቡ በኢንተርኔት የሚወያይበት መንገድ እንዲሠሩ ጠየቁ። ቪታይዋን የተወለደው እንዲህ ነው።

ዋናው ፈተና በ2015 የመጣው፣ በመተግበሪያ መኪና የሚያስጠራው የዩበር ኩባንያ ጉዳይ ነበር። የታክሲ ሹፌሮች ተቆጥተዋል፣ ተሳፋሪዎች ዩበርን ወደዋል፣ መንግሥት መሐል ቆሟል። አወያዮቹ ፖሊስ (Pol.is) የተባለውን፣ በሲያትል ኮሊን ሜጊልና ባልደረቦቻቸው የሠሩትን ፕሮግራም መረጡ። አሠራሩ አጭር ነው። ማንም ሰው አንድ አጭር ሐሳብ ይጽፋል፤ ሌሎች እስማማለሁ፣ አልስማማም፣ ወይም እለፈኝ ይሉበታል። መልስ መጻፍ አይቻልም። ይህ ክልከላ ብዙ ሰው ያስገርማል፤ ግን ስድቡና ንትርኩ የሚያድገው በመልስ መልስ ውስጥ ስለሆነ መሬቱን አሳጡት። ኮምፒዩተሩ ድምፆቹን ወስዶ ተመሳሳይ የመረጡትን ሰዎች በካርታ ላይ አቀራርቦ፣ የተለያዩትን አራርቆ ያሳያል። እያንዳንዱ ተሳታፊ ራሱን በካርታው ላይ ያያል፤ ማዶ ያሉት እነማን እንደሆኑም ያያል።

መጀመሪያ ላይ ካርታው በግልጽ ተከፈለ፤ ዩበርን የሚደግፉ በአንድ ወገን፣ ታክሲን የሚደግፉ በሌላው። ሳምንታት ሲያልፉ ግን የሰዎቹ አጻጻፍ ተለወጠ። የራስን ወገን ብቻ የሚያስጨበጭብ ሐሳብ የትም እንደማይደርስ፣ ከሁለቱም ወገን ድጋፍ ያገኘው ግን ወደ ፊት እንደሚመጣ ተረዱ። ስለ ተሳፋሪ መድን፣ ስለ ሹፌር ምዝገባ፣ የታክሲው ዘርፍ አገልግሎቱን ያሻሽል ስለሚለው ሁለቱም ወገኖች የሚቀበሏቸው ሐሳቦች ወጡ። የአወያዩ ሥራ በዚህ ሁሉ ውስጥ አይታይም እንጂ አለ። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሐሳቦች የሚዘራው፣ አንድ ሐሳብ በሁለት ስም ሲመጣ አንዱን የሚያስቀረው፣ ግብዣው ለታክሲ ሹፌሮችም እንዲደርስ የሚጣደፈው ሰው ነው። ታክሲ ሹፌሮቹ ባይገቡ ካርታው ያማረ ውሸት ይሆን ነበር።

በኦገስት ወር የመንግሥት ሰዎች፣ የዩበር ተወካዮች፣ የታክሲ ማኅበራትና ምሁራን በአንድ ጠረጴዛ ተቀመጡ፤ ስብሰባው በቀጥታ ተሰራጨ። አጀንዳው ሁለቱም ወገኖች የተስማሙባቸው ሐሳቦች ነበሩ፤ እያንዳንዱ ተነቦ ተጠሪው መልስ ይጠየቅበታል። ላዛርስፌልድ ቁልፎቻቸውን፣ ሜርተን ጥያቄያቸውን ይዘው እዚያ ቢገኙ ሁለቱም ደስ በተሰኙ ነበር። ዩበር የመድን ሰነዱን ለመንግሥት ለማቅረብና ሹፌሮቹ የባለሙያ መንጃ ፈቃድ እንዲያወጡ ለመርዳት ተስማማ። በኦክቶበር 2016 በመተግበሪያ የሚጠራ አዲስ የታክሲ ዓይነት የሚፈቅድ ደንብ ወጣ። ነገሩ በዚህ አልበረደም፤ ዩበር በቅጣት ምክንያት በፌብሩዋሪ 2017 ሥራ አቁሞ በኤፕሪል ተመለሰ። ቪታይዋንም መንግሥትን የሚያስገድድ የሕግ ጉልበት ስላልነበረው ከጊዜ በኋላ እየቀዘቀዘ ሄዷል። ይህን መደበቅ አያስፈልግም።

ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዱ የነበሩት ኦድሪ ታንግ በ2016 ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ፤ በየሚኒስቴሩም የሕዝብ ተሳትፎ ሹሞች ተመደቡ። በሜይ 2017 የግብር ወቅት ደረሰ። አንድ ባለሙያ የግብር ማሳወቂያው ፕሮግራም በማክ ኮምፒዩተር ላይ ለመጠቀም እጅግ አስቸጋሪ ነው ብሎ መንግሥት በከፈተው ጆይን በተባለው መድረክ ላይ በቁጣ ጻፈ። ሌሎችም ተከተሉ። ሹሞቹ ቁጣውን አልሰረዙም፤ የተማረሩትን ሰዎች ከገንዘብ ሚኒስቴር ሠራተኞችና ከፕሮግራሙ ሠሪዎች ጋር አብረው እንዲሠሩ ጠሯቸው፤ መምጣት ያልቻለው በኢንተርኔት ተከታተለ። አወያዮቹ እያንዳንዱን ምሬት በትንሽ ወረቀት ጻፉት። ከዚያ ግብር ከፋዩ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ ማረጋገጫው ድረስ የሚሄድበትን መንገድ ግድግዳ ላይ ዘርግተው ወረቀቶቹን ችግሩ በደረሰበት ቦታ ላይ ለጠፏቸው። ምሬቶቹ ሲደረደሩ የትኛው ገጽ ላይ ሰው እንደሚጠፋ፣ የትኛው ቃል እንደማይገባ፣ የትኛው ጥያቄ ከነጭራሹ እንደማያስፈልግ ከግድግዳው ተነበበ። ስብሰባው በተከታታይ ተደገመ፤ ሠሪዎቹ ያስተካከሉትን ይዘው እየመጡ ለእነዚያው ሰዎች አሳዩ። ለማክና ለሊነክስ ተጠቃሚዎች የተሠራው አዲሱ የግብር ማሳወቂያ ገጽ ለቀጣዩ የግብር ወቅት፣ በሜይ 2018 ተከፈተ።